አንድ ሰው በሁለት ካርድ፦ የአረጋውያን ታካሚዎች አቤቱታ

ቦንጋ
ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለዞናችንና ለክልላችን የጤና የበላይ ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ በዕድሜ ለገፋን የኤች አይ ቪ ታካሚዎች የደም ግፊትና የስኳር ሕክምና ከዋናው ክትትላችን ጋር በአንድነት እንዲሰጠን ስለመጠየቅ

እኛ አመልካቾች በቦንጋ ከተማ፣ በዴቻ፣ በጨና እና በግምቦ ወረዳዎች የምንኖር፣ ዕድሜያችን ከ50 ዓመት ያለፈ፣ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የምንወስድ 23 ሰዎች ነን። ስማችንና ፊርማችን በታሸገ ፖስታ ተያይዟል። የምንታከምበትን ተቋም ስም እዚህ ያላሰፈርነው ባለሙያዎቹን ለማስወቀስ ስላልመጣን ነው። ችግሩ ከእነሱ አቅም በላይ መሆኑን ስለምናውቅ አቤት የምንለው ወደ እናንተ ነው።

አስቀድመን ምስጋናችንን እናቀርባለን። መድኃኒቱ በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ባይጀምር ኖሮ ይህን ወረቀት የሚጽፍ ሰው ከመካከላችን ባልተገኘ ነበር። ከዚያ በፊት ገንዘብ ያለው ገዝቶ ይውጥ ነበር፤ የሌለውን ቀብረናል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጠዋትና ማታ የዋጥነው ስታቩዲን ጉንጫችንን አጎደጎደው፣ እግራችንን እንደ ፍም አቃጠለን፤ አላቋረጥንም። ኤፋቪረንዝ ሌሊት ሲያቃዠን አላቋረጥንም። ብልቃጡ ሲንኳኳ ጎረቤት እንዳይሰማ ጥጥ እየጠቀጠቅንበት ቀጠሯችንን አክብረናል። “ወጥታችሁ አስተምሩ” ስንባል በእድር፣ በቤተ ክርስቲያንና በትምህርት ቤት ቆመን ተናግረናል፤ ልጆቻችን በዚሁ ሲሰደቡም ችለናል። ይህን የምንዘረዝረው ውለታ ለመቁጠር ሳይሆን ታካሚው የድርሻውን እንደተወጣ እንዲታወቅልን ነው።

አሁን ዶሉቴግራቪር ያለባትን አንዲት ክኒን በቀን አንድ ጊዜ እንውጣለን፤ የአብዛኞቻችን ቫይረስ በምርመራ አይታይም። ዕድሜ አግኝተን አርጅተናል፤ ከእርጅናው ጋርም ግፊቱ፣ ስኳሩና ኩላሊቱ መጥተዋል። በኤች አይ ቪ ክፍል ያለው ካርዳችን ስለ ግፊታችን አይናገርም፤ በተመላላሽ ክፍል ያለው ካርዳችንም ስለ ቫይረሱ አይናገርም። ከዚህ የተነሣ የደረሰብንን አንድ በአንድ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ስለ ቀጠሮ። የፀረ ኤች አይ ቪው መድኃኒት የስድስት ወር በአንድ ጊዜ እንዲሰጠን መደረጉ ትልቅ እፎይታ ነበር። ከመስከረም 2016 ጀምሮ ግን ግፊትና ስኳር ያለብን ለእነዚህ ሕመሞች መድኃኒት በየወሩ እንድንመላለስ ተደረግን። ሁለቱ ቀጠሮዎች በአንድ ቀን ስለማይውሉ በዓመት 2 የነበረው ጉዟችን 14 ሆኗል። ከዴቻ የሚመጡ የ67 ዓመት እናታችን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተው፣ በጭቃ ሁለት ሰዓት ተጉዘው ነው መኪና የሚያገኙት። አንድ ቀን ግፊታቸው ሲለካ ከፍ ብሎ ተገኘና “ደክመው ነው፤ ዐርፈው ይምጡ” ተባሉ። ቦንጋ ውስጥ የሚያርፉበት ዘመድ ስለሌላቸው ግቢው አጥር ሥር ተቀምጠው ዋሉ። አምና በቡና ለቀማው ወራት ሦስት ጊዜ ስለተመላለሱ ግማሹን ቡና ለለቃሚ ሰጥተዋል።

ሁለተኛ፣ ስለ መድኃኒት እጥረት። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን መዋጯችንን በየዓመቱ ከፍለናል። ሆኖም በጥቅምትና በኅዳር 2017 የግፊት መድኃኒት “አልቋል፤ ከውጭ ግዙ” ተብለን ከኪሳችን ገዛን። መግዛት ያቃታቸው አንዲት እህታችን የቀረቻቸውን ክኒን አንድ ቀን እየዘለሉ ዋጡ። በኅዳር መጨረሻ ከእንሰት ጓሯቸው ሲመለሱ ወደቁ፤ ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው እስከ ዛሬ አይታዘዙላቸውም። ከመውደቃቸው ጥቂት ቀደም ብሎ የተሠራላቸው የቫይረስ መጠን ምርመራ “አይታይም” የሚል ነበር። እኚህ ሴት ቫይረሱን ችለው ኖረው በግፊት ነው የወደቁት።

ሦስተኛ፣ ስለ መድኃኒቶች መጋጨት። ዶሉቴግራቪር ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት በደም ውስጥ ከፍ ስለሚያደርገው መጠኑ መታየት አለበት። ለጨጓራ ማስታገሻ ከሚወሰዱት አንታሲዶች ጋር አብሮ ሲዋጥ ደግሞ ዶሉቴግራቪሩ ራሱ በሚገባ ወደ ደም አይገባም። አንድ የ61 ዓመት ወንድማችን ዶሉቴግራቪሩንና አንታሲዱን ለወራት አብሮ ሲውጥ ሌላ ምን እንደሚወስድ የጠየቀው አልነበረም። ነገሩ የታወቀው በመስቀል ሰሞን ፋርማሲ የምትማር የወንድሙ ልጅ መጥታ መደርደሪያው ላይ ስታየው ነው።

አራተኛ፣ ስለ ክትትልና ምክር። በጥር 2017፣ በጥምቀት ሰሞን፣ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውል በመላ አገሪቱ ተቋረጠ። ቀጠሮ ሲያልፈን ስልክ ትደውልልን የነበረችው ልጅም ከዚያ ወር ወዲህ የለችም። ራሷም መድኃኒቱን የምትወስድ ስለነበረች የምናፍረውን ሁሉ እንነግራት ነበር። ከእሷ በኋላ እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ሦስታችን ቀን ጠፍቶብን ለሳምንታት ያለ መድኃኒት ቆይተናል።

አምስተኛ፣ ስለ ምርመራ። ከጨና የመጡ የ64 ዓመት አባታችን፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ሲከሱና ሲያስላቸው ቆዩ። ለሕክምና በሄዱ ጊዜ ኤች አይ ቪ ልመርመር ወይ ብለው ራሳቸው ሲጠይቁ “አባባ፣ ይሄ እንኳ እርስዎን አይመለከትም” ተባሉ። በሚያዝያ 2016 ተመርምረው ሲገኝባቸው የሳንባ ነቀርሳ ደርቦባቸው ነበር። ሽበት ከቫይረሱ አያስጥልም፤ ያዘገየው ምርመራውን ነው።

ችግራችንን ዝም ብለን አልያዝነውም። በሚያዝያ 2016 በቃል፣ በጥቅምት 2017 በጽሑፍ ለምንታከምበት ተቋም አመልክተናል። መልሱ ሁለቱንም ጊዜ “ይታያል” የሚል ሲሆን በሁለተኛው ላይ “በጀት የለም” ተጨምሮበታል። ክልላችን በ2014 ዓ.ም. ከመመሥረቱ በፊት ቢሆን ሐዋሳ ድረስ መሄድ ነበረብን። ዛሬ የክልሉ ጽሕፈት ቤት እዚሁ ቦንጋ ስለሆነ፣ አቤቱታችን እናንተ ዘንድ ለመድረስ የሚሻገረው ወንዝ የለም።

ስለዚህ በትሕትና የምንጠይቀው፦

1. የኤች አይ ቪ ክትትላችንና የግፊትና የስኳር ሕክምናችን በአንድ ቀን፣ በአንድ ካርድ እንዲሆን፤ ግፊቱና ስኳሩ ለተረጋጋለት ሰው የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ እንዲሰጥ፤
2. የግፊትና የስኳር መድኃኒት እንዳይቋረጥ፤ ከውጭ ግዙ በተባልንባቸው ወራት ያወጣነው ገንዘብ በጤና መድኑ በኩል እንዲተካልን፤
3. ታካሚው የሚወስደው መድኃኒት ሁሉ፣ ከሱቅ የሚገዛውም ጭምር፣ ተጠይቆ በካርዱ ላይ እንዲሰፍር፤
4. ቀጠሮ ላለፈው የሚደውል ቢያንስ አንድ ሰው ከእኛው መካከል ሠልጥኖ እንዲመደብ፤
5. የኤች አይ ቪ ምርመራ በዕድሜ ምክንያት ማንም እንዳይከለከል መመሪያ እንዲተላለፍልን ነው።

ከአምስቱ ውስጥ አንደኛው፣ ሦስተኛውና አምስተኛው ከትእዛዝ በቀር ያን ያህል በጀት የሚጠይቁ አይመስሉንም።

የምንጠይቀው ምጽዋት እንዳልሆነ እናውቃለን። የአገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብ መብት ሰጥቶናል፤ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። በ30 ቀን ውስጥ የጽሑፍ መልስ እንዲሰጠን እንለምናለን። ካልተሰጠን ይህንኑ ወረቀት ይዘን ወደ ጤና ሚኒስቴር ለመሄድ እንገደዳለን።

ኅዳር 22 የኤድስ ቀን ሲከበር እንደ ወትሮው ሻማ እንድናበራ ከፊት ወንበር ትጠሩን ይሆናል። በእግራቸው መምጣት ከማይችሉት ከእህታችን በቀር ሁላችንም እንገኛለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
የ23ቱ አመልካቾች ተወካዮች