በጓሮ በር የገባ ሙሽራ

ከአዋሽ እስከ ሚኤሶ፣ ከሚኤሶም አቀበቱን ወጥቶ እስከ ጭሮ ባሉት ከተሞች ስለ ውጭ አገር ወንድ የጸና አንድ አመለካከት አለ፦ ፈረንጅ የሚበሉት እንጂ የሚዛመዱት ሰው አይደለም። ቻይናዊ መሐንዲስ ይሁን ሕንዳዊ መምህር፣ ሲመጣ ዋጋ ይጨመርበታል፣ ሲሄድ ይረሳል። በመካከሉ ከአንዲት የከተማው ልጅ ጋር ከታየ ፍርዱ አስቀድሞ የተቆረጠ ነው። እሷ ገንዘብ አሳዳጅ ናት፣ እሱ መንገደኛ ነው፣ የሚወለድ ልጅ ካለም የእሷ ጣጣ ነው። ይህ አመለካከት ባህል ጠባቂ መስሎ ይቀርባል። እኔ ግን በሴቶቻችንና በልጆቻቸው ላይ ለሚደርሰው በደል በሩን የሚከፍተው እሱ ራሱ ነው እላለሁ።

ይህ ቆላ የውጭ ሰው አይቶ የማያውቅ አገር አይደለም። የፈረንሳዩ ባቡር በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ወደ አዲስ አበባ የቀጠለው በሚኤሶና በአዋሽ በኩል ነው፤ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ከሐዲዱ ጋር ፈረንሳዮች፣ ግሪኮችና አርመኖች መጥተው በመስመሩ ላይ ሠርተዋል፣ ነግደዋል፣ ኖረዋል። ከመቶ ዓመት ግድም በኋላ ተራው የቻይናዎቹ ሆነ። ከሰበታ እስከ ሚኤሶ ያለውን አዲሱን ሐዲድ የዘረጋው የቻይና ሬልዌይ ግሩፕ ነው፤ ከሚኤሶ እስከ ደወሌ ያለውን ደግሞ ሲሲኢሲሲ የተባለው ሌላ የቻይና ኩባንያ። መስመሩ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። ግንባታው ሲያልቅም ሁሉም ጓዙን ጠቅልሎ አልሄደም፤ ሁለቱ ኩባንያዎች በጥምረት እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ ባቡሩን ሲያንቀሳቅሱ ቆይተዋል። ስለዚህ የምንነጋገረው አንድ ሌሊት አድሮ ስለሄደ ቱሪስት አይደለም። ዓመታት ስለኖረ ሰው ነው።

ዓመታት የኖረው ግን ከእኛ ጋር አይደለም። አጥር ውስጥ፣ በኮንቴይነር ቤት፣ የአገሩን ምግብ የአገሩ ሰው እያበሰለለት ነው የኖረው። ዘመዶቹን የሚያገኘው በስልክ ነው። ከካምፑ ሲወጣ ሕፃናቱ «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ይከተሉታል፤ ባለሱቁ ለእሱ ሌላ ዋጋ አለው፤ ሽማግሌው በሩቁ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፈዋል። ሰርግ አይጠራም፣ ለቅሶ አይደርስም፣ ቡና ጠጣ የሚለው ጎረቤት የለውም። አፋን ኦሮሞም አማርኛም አያውቅም። ከከተማው ጋር የሚያገናኘው አስተርጓሚው ብቻ ነው። አስተርጓሚውም ብዙ ጊዜ ቀን የፎርማኑን ትእዛዝ ያደርሳል፣ ማታ ደላላ ይሆናል። ለልጅቷ «ሊያገባሽ ነው» ይላታል። ለሰውየው ምን ብሎ እንደነገረው የሚያውቅ የለም። ሁለት ሰዎች እርስ በርስ መነጋገር ሳይችሉ፣ በመካከላቸው የተቀመጠው ከሁለቱም ኮሚሽን እየበላ፣ ፍቅር የሚባል ነገር ይጀመራል።

ደጋግሜ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። ከዚህ ግንኙነት የተጠቀመው ማን ነው? አልጋውን በሦስት እጥፍ ያከራየው ባለ ፔንሲዮን ተጠቅሟል። ደላላው ተጠቅሟል። ቢራውን የሸጠው፣ ባጃጁን የነዳው፣ ቤት ያከራየችው ሁሉ ከዚያ ገንዘብ ደርሷቸዋል። ስሟ የጠፋው ግን የአንዷ ብቻ ነው። ከተማው በሙሉ የበላበትን ማዕድ እሷ ብቻዋን እንድታጥብ ይፈረድባታል። ቤተሰቧ ገንዘቡ ሲመጣ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም፤ ሰውየው ሲሄድ ግን «አዋረድሽን» ይላታል። ይህን ጨዋነት ብሎ መጥራት ለእኔ የማይቻል ነገር ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የልጁ ነገር ነው። ዓይኑ ወይም ጸጉሩ ከጓደኞቹ የተለየ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ አባቱን በማያውቀው አገር ስም ይጠሩታል። አባትህ የት ነው ሲሉት መልስ የለውም። ሕጉ ግን መልስ ነበረው። የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነን ሰው ኢትዮጵያዊ ነው ይላል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 6 ይህንኑ ያጸናል። ይህ ደግሞ ትናንት የመጣ ሐሳብ አይደለም። በ1922 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የዜግነት ሕጋችን፣ ሌሎች ገደቦች ቢኖሩበትም፣ የሚጀምረው አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው በማለት ነው። በሥልጣኔዋ የምንቀናባት ጃፓን እንኳ የጃፓናዊት እናትና የውጭ አገር አባት ልጅን ያለ ተጨማሪ ጥያቄ በዜግነት የተቀበለችው ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በፊት ዜግነት የሚተላለፈው በአባት በኩል ነበር። በወረቀት ላይ እናትን ያከበርን ሕዝብ ነን። በሰፈር ደግሞ እናቲቱን እናዋርዳለን።

የአባትነቱም ጉዳይ ቢሆን መንገድ አለው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ አንድ ሰው አባት መሆኑ በፍርድ ቤት ሊታወጅ የሚችልባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፦ በማታለል ወይም በጋብቻ ተስፋ የተፈጸመ ግንኙነት፣ አባትነትን በግልጽ የሚያስረዳ ጽሑፍ፣ ልጁ በተፀነሰበት ጊዜ የነበረ የቀጠለ ግንኙነት፣ ሰውየው እንደ አባት ሆኖ ልጁን መርዳቱ። እያንዳንዱ ግን ማስረጃና ምስክር ይፈልጋል። በጨለማ የተጀመረ፣ በጨለማ የቀጠለ ግንኙነት ምስክር ከየት ያመጣል? የሰውየውን ሙሉ ስም እንኳ የማታውቅ ሴት ማንን ትከሳለች? ካምፑ ውስጥ የሚጠራበት ቅጽል ስም ለፍርድ ቤት አይበቃም። እሱን ያወቅነው ጎረቤቶች ብንሆን ኖሮ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የመጣበትን ከተማ፣ አገሩ ላይ ሚስት እንዳለውና እንደሌለው እናውቅ ነበር። ማግለላችን የጠቀመው እሱን ነው። የማያውቁት ሰው ከማንም ጋር ሳይተሳሰር ይኖራል፣ ማንም ሳይጠይቀው ይሄዳል።

እንዲህ ያለው ነገር በሕግ ተደግፎ የተፈጸመበት ዘመንም ነበር። ፋሺስት ጣሊያን በሚያዝያ 1937 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ድንጋጌ ጣሊያናዊ ወንድ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት እንዲቀጣ ወሰነች። ድንጋጌው ግንኙነቱን አላቆመውም። ወደ ጓሮ ገፋው እንጂ። በ1940 ደግሞ ጣሊያናዊው አባት ክልስ ልጁን እንዳያውቅ፣ ልጁ የእናቱ ወገን ብቻ ሆኖ እንዲቆጠር የሚያደርግ ሕግ መጣ። በቅኝ ገዥ ዘረኝነት የተቀመረ ሥርዓት ነው፤ ወንዱ ይደሰት፣ ሴቲቱ ትሸከም፣ ልጁ አባት አልባ ይሁን። ዛሬ እኛ በሰፈር ሐሜታችን የምናደርሰው ውጤት ከዚያ በምን ይለያል? የአምስት ዓመት ወረራ ታግለን ጥለን ሐሳቡን በቤታችን ማስቀመጥ አይገባንም ነበር።

በእርግጥ ይህ ምድር ከዚህ የተሻለ ዕውቀት አለው። የኢቱ ኦሮሞ ሕግ ይመከርበት የነበረው ኦዳ ቡልቱም በዚሁ በምዕራብ ሐረርጌ ነው፤ ጭሮ ያለው ዩኒቨርሲቲም በስሙ ይጠራል። የኦሮሞ ሥርዓት ባዳውን በሞጋሳ ወደ ጎሳው ያስገባል፣ ያልወለደውን ልጅ በጉዲፈቻ የራሱ ያደርጋል። ልብ በሉ፣ ሞጋሳ ዝም ብሎ ደግነት አይደለም። የገባው ሰው መብት እንደሚያገኝ ሁሉ ግዴታም ይገባል፤ ጎሳው ጋሻ እንደሚሆነው ሁሉ ጠያቂውም ይሆናል። ባዳን ከደጅ ማቆም የዚህ አገር ባህል ነው የሚል ሰው ካለ ከራሱ አያቶች ጋር ይከራከር።

ጭሮን ራሷን እንመልከት። በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ የምትባለውን ይህችን ከተማ የቆረቆሯት የጨርጨር ገዥ የነበሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ከአድዋ ድል ማግሥት ገና ልጅ ሳሉ ወደ ሩሲያ ተወስደው፣ በሩሲያ ቤተሰብ ውስጥ አድገው፣ የመድፈኛ ትምህርት ተምረው ተመለሱ። ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ጥቁር እንግዳ ነበሩ። ከቤታቸው ያስገባቸው ቤተሰብ ባይኖር ምን ይሆኑ እንደነበር አላውቅም፤ ያስገባቸው ቤተሰብ ስለነበረ ግን ምዕራብ ሐረርጌ ከተማ አገኘች።

ሌላም ታሪክ አለን። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 እ.ኤ.አ. በመልእክተኛነት ጃፓን ሲሄዱ ከተከተሏቸው መካከል ልጅ አርአያ አበበ ነበሩ። ልጅ አርአያ ጃፓናዊት ለማግባት ፈለጉ፤ ነገሩ በጋዜጣ ወጣ፣ እጩዎች ቀረቡ፣ ከባላባት ቤተሰብ የምትወለደው ኩሮዳ ማሳኮ ተመረጠች። በ1934 ጋብቻው ሳይፈጸም ቀረ፤ የጣሊያን ጫና አለበት ተብሎ በሰፊው ተጽፏል። ያልተሳካ ጋብቻ ነው። ነገር ግን አካሄዱን እዩ፦ ሰውየው ማን እንደሆነ ታውቋል፣ ሴቲቱ በስሟና በክብሯ ቀርባለች፣ ቤተሰብ ተጠይቋል፣ ሲፈርስም በአደባባይ ፈረሰ እንጂ አንዲት ሴት ከነልጇ ተጥላ አልቀረችም። ከዘጠና ዓመት በፊት ቶኪዮ ላይ ለእኛ ሰው የተደረገውን ያህል ወግ፣ በዚሁ መንገድ ላይ ባለችው ቦርደዴ ለራሳችን ልጅ መጠየቅ እንዴት ያቅተናል?

«ሴቶቻችንን ለባዕድ አሳልፈን እንስጥ ነው የምትለው?» የሚሉኝ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። አይደለም። ከሚሉኝ ውስጥ በቁም ነገር የምወስደው አንድ ክርክር አለ፤ እሱም የኃይል ሚዛኑ ነው። ልጅቷ ካምፑ ውስጥ ልብስ አጣቢ፣ ጽዳት ወይም ወጥ ቤት ሠራተኛ ከሆነች፣ ሰውየው ደግሞ ደመወዟን የሚፈርም አለቃ ከሆነ፣ «ወደደችው» ለማለት ልንቸኩል አይገባም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ የሚፈጸም ወሲባዊ ትንኮሳን በግልጽ ይከለክላል። ይህ አዋጅ በካምፕ አጥር አይቆምም። ነገር ግን እሷ ደርሶባት ስትናገር የሚሰማት ያስፈልጋል፤ አስቀድሞ «ገንዘብ አሳዳጅ» ብሎ የፈረደባት ከተማ ይህን አቤቱታዋን እንዴት ይሰማል? ስለ ሃይማኖት የሚነሳውም እንዲሁ ነው። ኒካህ ወሊና ምስክር ይፈልጋል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጋብቻም በግልጽ የሚፈጸም ነው። ሁለቱም እምነቶች የሚጸየፉት ድብቁን ነው። ሃይማኖት የሚያስጨንቀው ሰው መጀመሪያ ድብቁን ይቃወም።

ደግሞስ ነገሩ የውጭ ሰው ብቻ ነው ወይ? በዚህ መንገድ ላይ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ የሚመላለሰው የራሳችን ሹፌርም በየማረፊያው ቤት ያበጃል ሲባል እንሰማለን፤ ለእሱ ስንስቅለት፣ ለቻይናዊው ስንቆጣ፣ ሁለቱም የተዉአቸው ሴቶች ግን በአንድ ዓይን ይታያሉ። ቁጣችን ስለ ሴቶቹ ቢሆን ኖሮ በሁለቱም ላይ በእኩል ይነድ ነበር።

የቦርደዴ፣ የአሰቦት፣ የሚኤሶና የጭሮ ሽማግሌዎች፣ አባ ገዳዎች፣ ኢማሞችና ካህናት ሆይ፣ ለእናንተ ነው የምለው። ባቡሩ ሥራ ላይ ነው፣ መንገዱ ይሠራል፣ ነገ ደግሞ ሌላ ካምፕ ይተከላል። ካምፑ ሲተከል የውሃና የድንጋይ ጉዳይ ብቻ ይዛችሁ ከአስተዳዳሪው ጋር አትቀመጡ። ወንዶቹ እነማን እንደሆኑ ጠይቁ። ለበዓል ጥሯቸው፣ ለቅሶ አምጧቸው፣ ቋንቋችሁን አስተምሯቸው። አንዱ የአንዷን ልጅ እጅ ከፈለገ ሽማግሌ ይላክ፤ አስተርጓሚውም በአደባባይ፣ በሁለት ምስክር ፊት ይተርጉም። ሰውየው አገሩ ላይ ያላገባ መሆኑን የሚያስረዳ ወረቀት ያምጣ። ጋብቻው በየትኛውም ሥርዓት ይፈጸም፣ በቀበሌው የወሳኝ ኩነት መዝገብ ላይ ይስፈር። ልጅ ከተወለደም ሳይውል ሳያድር፣ የአባቱ ሙሉ ስም ተጽፎ ይመዝገብ። ሰውየው ይህን እምቢ ካለ ልጅቷ ያኔውኑ ታውቀዋለች። እናንተ ወላጆችም ልጃችሁ የሄደውን ሰው ልጅ ታቅፋ ስትመጣ ደጁን አትዝጉባት፤ የልጁ አገር ኢትዮጵያ ነው፣ ቤቱም የእናንተ ቤት ነው።