የሚሊሜትር አምልኮ

ብዙው ፎቶግራፍ አንሺ የሩቅ ማንሻ ሌንስ ሲመርጥ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ሚሊሜትር ይደርሳል?» ብሎ ነው። ሻጩም ይህንኑ ስለሚያውቅ 300 የሚለውን ቁጥር ፊት ለፊት ያሳየዋል፤ በሌንሱ ዙሪያ በደቃቁ የተጻፈውን የብርሃን መጠን ግን የሚያነብለት የለም። ይህ በመሠረቱ ሚዛኑን የሳተ ምርጫ ነው።

ካኖን በ1989 እ.ኤ.አ. ለፊልም ካሜራዎቹ ያወጣው ከ80 እስከ 200 ሚሊሜትር የሚሠራ ዙም የብርሃን ቀዳዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በ2.8 ይከፍታል። ከሁለት ዓመት በኋላ ያስከተለው ከ75 እስከ 300 የሚዘልቀው ዙም ደግሞ ረጅሙ ጫፍ ላይ ሲደርስ ከ5.6 በላይ አይከፈትለትም። ልዩነቱ ለጆሮ ኢምንት ይመስላል፤ ለፊልሙ የሚደርሰው ብርሃን ግን ሩቡ ብቻ ነው!

በመድረክ ላይ እስክስታ ሲወረድ ይታሰብ። በ2.8 የሰከንድ 1/125 የሚበቃው ፊልም በ5.6 1/30 ይጠይቃል። በዚህ ፍጥነት የተወዛዋዡ ትከሻ ጭጋግ ሆኖ ይቀራል። ባለሦስት እግሩ መቆሚያ የአንሺውን እጅ ያጸናል እንጂ ትከሻውን አያቆምም (መቼም ተወዛዋዡን ቁም ብሎ የሚያዝ አይኖርም)።

«ባለ 2.8ቱ ውድ ነው፤ ከአንድ ኪሎም በላይ ይመዝናል» የሚለው ክርክር እውነትነት አለው። ለጃንሜዳ ጥምቀት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቀላሉ ሌንስ ይበቃል። ለቴአትር አዳራሽ የሚገዛ ሰው ግን የጎደለውን 100 ሚሊሜትር ርቀቱን በሲሶ ቀንሶ፣ ወደ መድረኩ ተጠግቶ ያገኘዋል፤ የጎደለውን ብርሃን ግን በእግሩ ሄዶ አያመጣውም። ገንዘብ ያጠረው ዙሙን ትቶ ባለ 135 ሚሊሜትር፣ 2.8 ቋሚ ሌንስ ቢይዝ ይሻለዋል።