በጡት ነቀርሳ የተለዩንን ስለ ማሰብ

ባለፈው ዓመት ታላቅ እኅታችን በሞት ከተለየችን በኋላ፥ በአርባኛው ቀን ለተዝካርዋ ዘመድ ወዳጅ ሁሉ በቤታችን ተሰብስቦ ነበር። የጫሞ ሐይቅ ከሩቅ ከሚታይበት ደጃችን ድንኳን ተተክሎ፥ ካህናቱ ጸሎት አድርሰው፥ እንጀራውና ጠላው ከቀረበ በኋላ፥ ሰው ሁሉ የእኅታችንን ደግነት እያነሣ ይናገር ጀመር። አንዲት ጎረቤት ግን ከሟች ልጅ አጠገብ ተቀምጣ «ለመሆኑ እናትሽን ምን አመማት?» ብላ ብትጠይቃት፥ ልጅቱ «ሆዷን ነበር» ብላ መለሰች። ልጅቱ አልዋሸችም፤ እኛ ታላላቆችዋ የነገርናት ይህንኑ ነበርና።

እኅታችንን የገደላት የጡት ነቀርሳ ነው። በጡትዋ ውስጥ እንደ ሽምብራ ያለ እብጠት ባገኘች ጊዜ፥ ስላላመማት ከአንድ ዓመት በላይ ለማንም ሳትናገር ሸሸገችው። ይህ ደዌ ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ ስለዚህ ሕመም እስኪሰማው የሚጠብቅ ሰው፥ ሳያውቀው ደዌው ሥር እስኪሰድ ይጠብቃል። በመጨረሻው ከአርባ ምንጭ እስከ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዘን ሐኪም ቢመረምራት፥ ነቀርሳው ወደ አጥንትዋ ዘልቆ ተገኘ።

እኛ በፍርድ ቤት መዝገብ በመጻፍ ዕድሜአችንን ያሳለፍን ነን። የውርስ መዝገብ ሲከፈት ቤቱ፥ መሬቱ፥ እንሰቱ፥ ላሚቱም ሳትቀር ትቈጠራለች። ልጅ ከእናትዋ ልትወርሰው ስለምትችለው ደዌ ግን የሚጠይቅ ዳኛ የለም፤ ሕጉም አያስገድድም። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት፥ ይህ ደዌ ከያዛቸው ከ100 ሴቶች በዘር የወረሱት ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ብቻ ናቸው፤ ቢሆንም እናትዋ ወይም እኅትዋ የታመመችባት ሴት ከሌላይቱ ይልቅ አስቀድማ ልትመረመር ይገባታል። እንግዲህ ያችን ልጅ «ሆዷን ነበር» ብለን ስናታልላት፥ ከውርስዋ አንዱን ደብቀንባት ነበር።

የደበቅነውስ ስለ ምን ነው? ስለ ሴት ጡት በሰው ፊት መናገር ነውር መስሎን ነው። እርግማን ነው፥ ይተላለፋል የሚልም አይጠፋም፤ ነገር ግን ነቀርሳ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በፈረንጅ አቈጣጠር በ2022 ብቻ በዓለም ላይ 670,000 ያህል ሰዎች በዚሁ በጡት ነቀርሳ ሞተዋል፤ ይህ ሁሉ ሕዝብ ተረግሞ ነውን? በጋሞ ደጋ ትልቅ ሰው ሲሞት ሕዝቡ ጦር ይዞ ወደ ለቅሶው ሜዳ ወጥቶ የሟቹን ሥራ እያነሣ ያለቅሳል። በጦርነት የወደቀውን ሰው በምን እንደ ሞተ የሚሸሽግ ዘመድ አላየንም።

በአሜሪካ አገር ሱዛን ኮመን የተባለች ሴት በ1980 በዚህ ደዌ ብትሞት፥ እኅትዋ ናንሲ ብሪንከር በ1982 በስምዋ ማኅበር አቋቋመች። በአገራችንም አቶ ወንዱ በቀለ ሕፃን ልጃቸው ማቴዎስ በደም ካንሰር ቢሞትባቸው፥ በ2004 በልጃቸው ስም የሚጠራውን የካንሰር ማኅበር አቋቋሙ (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። እኛ ግን ደመወዛችን ማኅበር የሚያቋቁም አይደለም፤ ያለን አፋችን ነው።

ስለዚህ በሙት ዓመትዋ ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ተነሥተን፥ እኅታችን በጡት ነቀርሳ እንደ ሞተች፥ እብጠቱን እንደ ሸሸገች፥ እኛም ከሞተች በኋላ እንደ ሸሸግንላት ለተሰበሰበው ሁሉ ተናገርን። ታላቅ ወንድማችን «ሟችን በአደባባይ አዋረድሃት» ብሎ ምግብ ሳይቀምስ ተነሥቶ ሄደ፤ እስከ ዛሬም ወደ ቤታችን አልመጣም። ምናልባት ለብቻው አስቀድመን ልንነግረው ይገባን ነበር፤ በዚህ ጥፋታችንን እናምናለን።

ልጅቱ ያን ቀን አንዳች አልተናገረችም። በማግሥቱ ማለዳ መጥታ «ጋሼ፥ እናቴ ሲጀምራት ዕድሜዋ ስንት ነበር?» ብላ ጠየቀችን። 47 ነበረች። እርስዋ ገና 23 ዓመትዋ ነው፤ ቢሆንም ከምን ዕድሜ ጀምራ መመርመር እንዳለባት ሐኪም ለመጠየቅ ሰኞ ወደ ሆስፒታል ትሄዳለች። አብራት የምትሄደው የታላቅ ወንድማችን ልጅ ናት፤ አባትዋ ግን ይህን ገና አልሰማም።