መኪና ለሌለው ሰው የመኪና በር ስንት ያወጣል?



በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ ስለ ልጆች ትምህርት፣ ስለ ቢቱአሕ ሌኡሚና ስለ ቤተሰብ ጉዳይ ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ የማነሣው ነገር ግን ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ስለ በር ነው። በሩም የቤታችን በር ሳይሆን በጋራ ሕንፃዎች የመኪና ማቆሚያ መግቢያ ላይ የሚተከለው፣ ሽላቱን ሲጫኑት ራሱ የሚከፈተውና የሚዘጋው፣ በዕብራይስጥ ሻዓር ሐሽማሊ የሚባለው የኤሌክትሪክ በር ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በአሽቀሎን የሚኖሩ አንዲት እናት ወደ ቢሮዬ መጡ። ስማቸውን አልጽፍም፤ እኔም እማዬ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ወረቀት ፈትተው ሰጡኝና «ልጄ፣ ይህ ዕዳ የማን ነው? እኔ ከማንም ምንም አልገዛሁም» አሉኝ። ወረቀቱ ከሕንፃው ቫዓድ ባይት የተላከ ነው። በመኪና ማቆሚያው ላይ የኤሌክትሪክ በር ሊተከል ስለሆነ እያንዳንዱ አፓርታማ እስከ ወሩ መጨረሻ 975 ሼቄል እንዲከፍል ይጠይቃል።

እማዬ የሚኖሩት በእርጅና ጡረታና በእርሱ ላይ በሚታከል የገቢ ማሟያ ነው። ቤቱ የኪራይ ነው፤ ለኪራዩም ከቤቶች ሚኒስቴር ድጋፍ ያገኛሉ። መኪና የላቸውም። ዕብራይስጥ ስለማያነቡ ወረቀቱን ያሳዩት ለጎረቤት ልጅ ነበር፤ ልጁም «ሐሽማል» የሚለውን ቃል አይቶ «የመብራት ሒሳብ ነው» ብሏቸው ኖሮ፣ መብራት ይቆረጥብኛል በማለት ከአንዲት ዘመዳቸው 400 ሼቄል ተበድረው ነበር። ነገሩን ሳስረዳቸው ፈገግ አሉና «እኛ ጎንደር ሳለን በሩን በእሾህ የምንዘጋው ለጅብ ነበር፤ እዚህ ደግሞ ለማን ነው?» አሉኝ።

ለማን እንደሆነ መናገር ተገቢ ነው። ሕንፃው ከገበያ አጠገብ ስለሆነ የማያውቋቸው ሰዎች መኪናቸውን አምጥተው ያቆሙበታል፤ ማታ ከሥራ የሚመለሱት ነዋሪዎች ግን ቦታ አጥተው መንደሩን ይዞራሉ። ስለዚህ የበሩ ሐሳብ መጥፎ ነው አልልም። የቫዓዱ ሊቀ መንበርም ደመወዝ የማያገኝበትን ሥራ የሚሠራ ደህና ሰው ነው፤ ስደውልለት ከድርጅቱ የተቀበለውን የዋጋ ማቅረቢያ ሳይሰለች ላከልኝ። ወረቀቱን በሚገባ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ጠቅላላ ዋጋው 15,600 ሼቄል ይላል። ለ16 አፓርታማ ሲካፈል 975 ይሆናል። ከገጹ ግርጌ በትንንሽ ፊደል «ሲደመር ማዓም» የሚል ተጽፏል። ማዓም፣ ማለትም የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከመቶ 18 ሆኗል። ስለዚህ እውነተኛው ዋጋ 18,408 ሼቄል ነው፤ የአንዱ አፓርታማ ድርሻም 1,150 ሼቄል ከ50 አጎራ ነው። ወረቀቱን ያላየ ሰው 975 ከፍሎ ጨረስኩ ሲል ሁለተኛ ደብዳቤ ሊመጣበት ነው።

በዚህም አያበቃም። በሩን በስልክ ለመክፈት የሚያስችለው መሣሪያ በውስጡ ሲም ካርድ ስላለው በየዓመቱ 480 ሼቄል ይከፈልበታል። ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ለጥገና ውል 800 ሲደመር ማዓም፣ ማለትም 944 ሼቄል ይጠየቃል። ሁለቱ ሲደመሩ 1,424 ይሆናሉ፤ ለአንድ አፓርታማ በዓመት 89 ሼቄል ማለት ነው። በሩ እስካለ ድረስ ይህ ወጪ አይቀርም። ሽላቱም ለአንድ አፓርታማ አንድ ብቻ ሲሆን ተጨማሪ የፈለገ 120 ሼቄል ይከፍላል። የኤሌክትሪክ መስመሩን ከሕንፃው ቆጣሪ እስከ በሩ ማን እንደሚዘረጋው ደግሞ ወረቀቱ ጨርሶ አያነሣም።

ስለ በሩ ሥራ የማውቀው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን በሰዎች ጉዳይ ስዞር ከባለሙያዎች የሰማሁትን ላካፍላችሁ። ሞተር ሁሉ አንድ አይደለም። ለአንድ ቤተሰብ ቪላ የተሠራው ሞተር በቀን ጥቂት ጊዜ እንዲከፍት የታሰበ ነው። 16 ቤተሰብ ባለበት ሕንፃ ላይ ሲተከል ከጠዋት እስከ ማታ ያለ ዕረፍት እየሠራ ይግላል፣ ቶሎም ይቃጠላል። ርካሽ የሆነውን ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚያረክሰው ይህ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ስንት ኪሎ የሚመዝን በር እንደሚገፋና በቀን ስንት ጊዜ እንዲከፍት እንደተሠራ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሌላው በሩ ዳር የምትተከለው ትንሽ ዓይን፣ ፎቶሴል የምትባለው ናት። ልጅ ወይም ብስክሌት ጨረሯን ሲያቋርጥ በሩ መዘጋቱን ያቆማል። «ያለ እርሷ ይቀንስላችኋል» የሚል ሠራተኛ ካጋጠማችሁ አትቀበሉት። በግቢው የሚጫወቱት የእኛው ልጆች ናቸው፤ የብረት በርም ከባድ ነው። የኤሌክትሪኩን ሥራ ደግሞ ፈቃድ የሌለው ሰው እንዳይነካው የ1954ቱ የኤሌክትሪክ ሕግ ይከለክላል። የወንድሜ ጓደኛ ያውቅበታል ማለት እዚህ ላይ አይሠራም።

የቁልፉን ነገር ደግሞ ከራሴ ልናገር። መብራት ሲጠፋ በሩን በእጅ ለመክፈት የሚያገለግል ቁልፍ አለ። በሌላ ሕንፃ፣ አንድ ዓርብ ማታ ዝናብ እየዘነበ መብራት ጠፋ። የአንድ ቤተሰብ ልጅ አስም ተነሣበትና አባትየው መኪናውን አስነሥቶ ሲወጣ በሩ ተዘግቶ ቆመ። ቁልፉ የነበረው በቫዓዱ ሰው ቤት ነው፤ ሰውየው ደግሞ ለሻባት ወደ ልጆቹ ሄዷል። ማጌን ዳቪድ አዶም ተጠራ፤ አምቡላንሱም መንገድ ላይ ቆሞ ሠራተኞቹ በእግራቸው ገቡ። ልጁ ዳነ። እኔ እሑድ ጠዋት እናትየውን ሳገኛት ገና እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለዚያ ቁልፍ ሁለት ቅጂ ማውጣት ምን ያህል ያወጣ ነበር?

አሁን ወደ እማዬ ጥያቄ ልመለስ፤ ዕዳው የማን ነው? እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ሕጉ ግን በዚህ ላይ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የፍትሐዊ ኪራይ ሕግ፣ ሖክ ስኺሩት ሆጌኔት የሚባለው፣ የወርኃዊውን ቫዓድ ባይት ክፍያ፣ ይህም የደረጃ ጽዳት፣ የመብራትና የአሳንሰር ጥገና የመሳሰለውን፣ ተከራዩ ላይ ያደርገዋል። በቤቱም ሆነ በሕንፃው የጋራ ንብረት ላይ ቋሚ መሣሪያ መግዛትና መትከል ግን የአከራዩ ወጪ ነው ይላል። የኤሌክትሪክ በር ተከላ ከዚህ ይመደባል። የመንግሥት ኪራይ ቤት የምትኖሩ ግን ጉዳያችሁ በሌላ መንገድ ስለሚታይ ከመክፈላችሁ በፊት ደብዳቤውን ይዛችሁ ወደ ቤቱ ኩባንያ ቅርንጫፍ ሂዱ።

እማዬ ፊት ለአከራዩ ደወልኩ። መጀመሪያ «ቫዓድ ባይት የተከራይ ነው» አለኝ። እኔም የወሩን 150 ሼቄል ቫዓድ እማዬ አንድም ቀን አጉለው እንደማያውቁ፣ ይህኛው ግን ቤቱን ሲሸጠው የእርሱን ዋጋ የሚያሳድግ በር እንደሆነ ነገርኩት። ዝም አለ። ሕጉን በጽሑፍ ላክልኝ አለ፤ ላክሁለት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለቫዓዱ ራሱ ከፈለ። እማዬም 400ውን ለዘመዳቸው መለሱ።

በዚያው ሕንፃ የሚኖሩ አንድ ጋሼ ግን ጉዳያቸው እንደዚህ ቀላል አልነበረም። ቤቱ የራሳቸው ነው፤ ማሽካንታ ይከፍላሉ፤ መኪና ግን የላቸውም። «መኪና ለሌለኝ ለምን እከፍላለሁ?» አሉኝ። በ1969 የወጣው የመቃርቅዒን ሕግ በአንቀጽ 58 እያንዳንዱ ባለቤት የጋራ ንብረቱን በደህና ለመያዝና ለማስተዳደር የሚያስፈልገውን ወጪ ይካፈላል ይላል። ድርሻውም የሕንፃው ደንብ ሌላ ካልወሰነ በቀር እንደ ቤቱ ወለል ስፋት ነው። ለ16 እኩል ማካፈሉ ራሱ ጥያቄ የሚያስነሣው ለዚህ ነው፤ የእርሳቸው ቤት ባለ ሁለት ክፍል ነውና። የራሱ ደንብ በሌለው ሕንፃ ላይ የሚሠራው ታካኖን ማፁይ ደግሞ በደንቡ ያልተጠቀሰ ዓይነት ክፍያ በአንድ ባለቤት ላይ የሚጭን ውሳኔ እርሱ ካልተስማማ አይጸናበትም ይላል። ታዲያ አዲስ በር ጥገና ነው ወይስ አዲስ ጭማሪ? ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። የሚዳኘውም በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለው የመሬት ምዝገባ ተቆጣጣሪ፣ ምፋቄያሕ የሚባለው ነው፤ እያንዳንዱንም ጉዳይ በራሱ ሁኔታ ያየዋል።

እኔ ለጋሼ የነገርኳቸው የሚከራከሩበት ነገር እንዳላቸው፣ ነገር ግን ከአሥራ አምስት ጎረቤት ጋር ከመካሰስ በፊት ስብሰባው ላይ ሄደው እንዲናገሩ ነው። እውነቱን ለመናገር ከእኛ ሰዎች ብዙዎቻችን ወደ አሴፋ አንሄድም። ዕብራይስጣችን ያሳፍረናል፣ ወይም ደክሞን ከሥራ እንገባለን። ያልሄደ ሰው ግን የመጡት ይወስኑበታል። በዚያ ምሽት ጋሼም፣ እማዬም፣ እኔም ለማስተርጐም ሄድን። እማዬ መክፈል ባይኖርባቸውም ለመምጣት የፈለጉት ሽላት ስላልተሰጣቸው ነበር። መኪና የለሽም ተብለው ነው። «ልጄ በሳምንት አንድ ቀን ወደ ኩፓት ሖሊም የምትወስደኝ በምን ልትገባ ነው? ጤፉንስ ከመንገድ ጀምሮ ማን ይሸከመዋል?» ብለው ሲጠይቁ ያ ሁሉ ሰው ጸጥ አለ። ስተረጉምላቸው እንኳ ድምፄን ከፍ ማድረግ አላስፈለገኝም።

ስብሰባው ረጅም ነበር፤ ስለ ቆሻሻ ገንዳም ብዙ ተባለበት፤ እርሱን ልተወው። ከሁለተኛ ድርጅት ዋጋ እንዲጠየቅ ተወሰነ። ያም ሲመጣ 15,000 ሲደመር ማዓም፣ ማለትም 17,700 ሼቄል ሆነ፤ የኤሌክትሪኩ መስመርም፣ ለብዙ ቤተሰብ የሚሆን ሞተርም፣ የሁለት ዓመት ዋስትናም ተካትቶበታል። የአንዱ ድርሻ 1,106 ሼቄል ከ25 አጎራ ነው። የእማዬ አከራይም የመጀመሪያውን ሒሳብ ከፍሎ ስለነበር ልዩነቱ ተመለሰለት። ጋሼ ድርሻቸውን በአምስት ጊዜ፣ 221.25 እያሉ ለመክፈል ተስማሙ። የየዓመቱ የስልክ መክፈቻና የጥገና ክፍያ ግን መኪና ባላቸው ላይ ብቻ እንዲሆን በፕሮቶኮሉ ተጻፈ፤ ይህን ያስጻፉት እርሳቸው ናቸው። ሽላት ለሁሉም ቤት ይሰጣል። የመክፈቻው ቁልፍም ሦስት ቅጂ ወጥቶ በሦስት ፎቅ ተቀመጠ።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሳችሁና የሚያነብላችሁ ያጣችሁ፣ በየከተማው ያለው ሺል የሚባለው የዜጎች ምክር አገልግሎት በነፃ ያያችኋል። ስትሄዱም ደብዳቤውን ብቻ ሳይሆን የኪራይ ውላችሁን ጭምር ያዙ።

በሩ ተተክሏል። የሚቀጥለው አሴፋ ከበዓል በኋላ ስለ ጣሪያው ውኃ ነው፤ እማዬ ሰዓቱን ትናንት ደውለው ጠይቀውኛል።