«ለቢላዋ እጄን ልስጥ?»

«ዕድሜዬ 26 ነው፤ የምተዳደረው በፀጉር ሥራ ነው። ቀን ሹሩባ ስሠራ ውዬ ሌሊት ቀኝ እጄ እየደነዘዘ ይቀሰቅሰኛል። ጉንዳን የወረረው ይመስለኛል፤ ሳራግፈው ነው የሚለቀኝ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ይባስ ብሎ የአውራ ጣቴና የሌባ ጣቴ ጫፍ ቀኑን ሙሉ አይሰማኝም። ማበጠሪያ ከእጄ ይወድቃል፣ ቁልፍ መቆለፍ አቅቶኛል። ግራ እጄም አልፎ አልፎ ሌሊት ሌሊት ጀምሮታል። ሐኪሙ ‹የአንጓሽ ነርቭ ተጨቁኗል፤ ቀኙ ኦፕራሲዮን ይፈልጋል› አለኝ። እናቴ ደግሞ ‹እጅሽን አስቆርጠሽ ልትቀሪ ነው? ወጌሻ ይሽሽ› ትላለች። ጥር ሊገባ ሁለት ወር ነው የቀረው፤ የቤት ኪራዬን የምሸፍነው በሰርግ ወቅት በማገኘው ነው። መርፌ ተወግቼ ጥርን ልለፍ ወይስ ልቆረጥ? ግራ ገብቶኛል።»

እህታችን፣ በመጀመሪያ ማንም እጅሽን አይቆርጥም። እናትሽም ይህን ቢሰሙ ደስ ይለናል። በአንጓሽ ውስጥ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ወለሉና ግድግዳው አጥንት፣ ጣሪያው ደግሞ ጠንካራ ጅማት ነው። በዚያች ቀዳዳ ጣት የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና አንድ ነርቭ ተጋፍተው ያልፋሉ፤ ልክ በሥራ መውጫ ሰዓት እንዳለ ታክሲ። ውስጡ ትንሽ ካበጠ የሚጨፈለቀው ነርቩ ነው። ኦፕራሲዮኑ ያንን የጣሪያ ጅማት ሰንጥቆ ለነርቩ ቦታ መስጠት ነው፤ ሌላ ነገር የለውም።

ታዲያ ሁሉም ሰው ይቀደድ? ኧረ በጭራሽ! ድንዛዜው ማታ መጥቶ ጠዋት የሚሄድ ከሆነ መጀመሪያ የሚሞከረው አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ነው፤ በየሌሊቱ፣ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት ያህል። ስንተኛ አንጓችንን አጥፈን ስለምንተኛ ቀዳዳው ይበልጥ ይጠባል። እ.ኤ.አ. በ2002 በሆላንድ አገር በ176 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ውጤት ወጥቶ ነበር። ከ18 ወር በኋላ ኦፕራሲዮን ከተመደበላቸው 90 በመቶው፣ ድጋፍ ከተመደበላቸው ደግሞ 75 በመቶው ተሽሏቸው ተገኝተዋል። ድጋፉም ቀላል አይደለም ማለት ነው። ነገር ግን ልብ በይ፤ ድጋፍ ከተሰጣቸው ውስጥ 41 በመቶው እስከዚያ ድረስ ኦፕራሲዮን ሆነዋል።

ወደ መርፌው እንምጣ፤ አንቺን ያማለለሽ እሱ ነውና። በአንጓ የሚወጋው ስቴሮይድ ብዙውን ሰው ለሳምንታት፣ ሲበዛም ለወራት ያሳርፈዋል። ችግሩ መመለሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የስዊድን ጥናት ላይ ከፍ ያለውን መጠን ከተወጉት ከ10 ሰባት የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ኦፕራሲዮን ሄደዋል። ሕመሙ ገና ለጀመረው ወይም ነፍሰ ጡር ለሆነች ሴት መርፌው ጥሩ ነው፤ የእርጉዞቹ ብዙ ጊዜ ከወሊድ በኋላ በራሱ ይለቃልና። አንቺ ግን ቀኑን ሙሉ የማይሰማሽ ጣት አለሽ፣ ዕቃ ይወድቅብሻል። ይህ ነርቩ መጎዳት መጀመሩን የሚያሳይ ምልክት ነው። ቀኝና ግራ መዳፍሽን ጎን ለጎን አድርገሽ ተመልከቺ፤ ከአውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ በቀኙ ከሟሸሸ ደግሞ ቀጠሮ የሚሰጠው ነገር አይደለም። ነርቭ ብዙ ከቆየ ጣሪያው ቢከፈትለትም ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል።

ስለዚህ በእኛ በኩል ሐኪምሽ ልክ ናቸው። ቀኙን ተሠሪ፣ ጥርንም አትጠብቂ። ብዙውን ጊዜ የሚደነዝዘው እጅ ብቻ ነው፤ ሥራው ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፣ በዚያው ቀን ቤትሽ ትገቢያለሽ። ጣቶችሽን ከመጀመሪያው ቀን ታንቀሳቅሻለሽ፤ ስፌቱ በሁለት ሳምንት ገደማ ይወጣል። ጠበቅ አድርጎ ሹሩባ መጎንጎን ግን ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ሊፈልግ ይችላል። በዚህ ሳምንት ከተሠራሽ ለጥር ቢያንስ ለቀላሉ ሥራ ትደርሺ ይሆናል፤ ለሹሩባው ረዳት ያዢ። ሳንደብቅሽ፣ መዳፍ ላይ ለወራት የሚቆይ ሕመም ያለባቸው አሉ፤ ቁስል ሊያመረቅዝ ይችላል፤ አልፎ አልፎም ነርቭ የሚነካበት ጊዜ አለ። እጅ አዘውትረው የሚሠሩ ሐኪም ምረጪ፣ ስንት እንደሠሩም ያለ ሀፍረት ጠይቂ።

ወጌሻው? የወለቀ አጥንት የለሽም፤ የተጨፈለቀን ነርቭ በኃይል ማሸት ምን ይጠቅማል? ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው የቢ ቫይታሚን መርፌም ይህን ሕመም ስለመፈወሱ አልተረጋገጠም። ከዚያ ይልቅ የስኳርና የታይሮይድ ምርመራ አድርጊ፤ ሁለቱም ይህን ሕመም ያመጣሉ።

(ኮምፒዩተር ላይ የምትውሉ አንባቢዎቻችን ደግሞ አትደናገጡ። ድንዛዜው ትንሿን ጣት ከያዘ ነገሩ ምናልባት ሌላ ነርቭ ነው፤ ተመርመሩ።)

ግራ እጅሽ ገና ነው። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ድጋፍ አድርጊለት፤ በስድስት ሳምንት ካልተሻለው መርፌውን ያኔ ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪበት። ሁለቱን በአንድ ቀን የሚሠሩ ሐኪሞች አሉ፤ ለአንቺ ግን አንመክርም። ቀኙ በፋሻ ተጠቅልሎ በሚሰነብትበት ጊዜ ፊትሽን የምትታጠቢበት አንድ እጅ ያስፈልግሻል፤ ለጉርሻው እናትሽ አሉ።