ሙዝ የተማረ፣ ቡና የማያውቅ

በሕግ ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ፣ ስሙ ሲጠራ ወላጅን ሁሉ ቀና የሚያደርግ አንድ ትምህርት አለ። ዓለም አቀፍ የንግድ ሕግ ይባላል። "ልጄ ዓለም አቀፍ የንግድ ሕግ እያጠናች ነው" የሚል አባት ዓይኑ ላይ የሚመጣው ጄኔቫ ነው። ባንዲራ የተደረደረበት ረጅም ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ጥግ ደግሞ ልጁ! መቼም ምኞት ቀረጥ አይከፈልበትም። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ያቺ ልጅ ተመርቃ ስትወጣ የሙዙን ክርክር ከነአንቀጹ ትነግራችኋለች፤ የቡናውን ግን አታውቀውም።

የሙዙ ክርክር ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሜሪካና አንዳንድ የላቲን አሜሪካ አገሮች "ለቀድሞ ቅኝ ግዛቶቻችሁ ሙዝ ታዳላላችሁ" ብለው አውሮፓውያንን በዓለም ንግድ ድርጅት ፊት የከሰሱበት፣ ዓመታት የፈጀ ሙግት ነው። ከእሱ ቀጥሎ የሽሪምፕና የባሕር ኤሊው ክርክር ይመጣል። ከዚያ ደግሞ ሆርሞን የተሰጣቸው ከብቶች ሥጋ። ተማሪው ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሸመድዳል፤ በእንግሊዝኛ ይፈተናል፤ በእንግሊዝኛ ይረሳዋል። እነዚህ ክርክሮች መማራቸውን አልቃወምም። የምቃወመው ትምህርቱ እነሱ ጋ ደርሶ እዚያው መቅረቱን ነው።

እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። ዕድሜዬን የፈጀሁት ሥነ ጽሑፍ በማስተማር ነው። ሆኖም "እንግሊዝኛውን ይዩልኝ" እያሉ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያመጡልኝ የሕግ ተማሪዎች አይጠፉም። ከእነሱ አንዱን፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ "እስቲ ይህን የጻፍከውን ለመርካቶ አስመጪ እንደምታስረዳ አድርገህ በአማርኛ ንገረኝ" አልኩት። ሳቀ። "ጋሼ፣ በአማርኛ እኮ አልተማርነውም!" አለኝ። ልጁ ላይ አልፈርድም። በትምህርት ቆይታው ሁሉ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው የለማ!

ግን እንዴት ነው ነገሩ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9(4) ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይታተማል፤ ሁለቱ ቢጋጩ የሚጸናው አማርኛው ነው። ፓርላማው የሚከራከረው በአማርኛ፣ የፌዴራሉ ዳኛ የሚፈርደው በአማርኛ። ጠበቃው የተማረው ግን በሌላ ቋንቋ! እንዲህ ያለው ጠበቃ ዳኛው ፊት ቆሞ የሚያደርገው ክርክር ሳይሆን ትርጉም ነው፤ ያውም በችኮላ የተሠራ ትርጉም። አባቶች "ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል" ያሉት ለዚህ አይደል?

"አማርኛ ለእንዲህ ያለው ነገር ቃል የለውም" የሚል ምሁር ሁልጊዜ አይጠፋም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ረቂቅ የተሰናዳው በፈረንሳይኛ ነበር። ዛሬ ጠበቃው በቀን አሥር ጊዜ "ይርጋ"፣ "አላባ"፣ "ዋስትና" ይላል። እነዚህ ቃላት የሕግ ቃል ሆነው ከሰማይ አልወረዱም። ሰው ተቀምጦ፣ አስቦ፣ ፈልጎ ነው ያገኛቸው። ቃል የሚጠፋው ፈላጊ ሲጠፋ ነው።

አሁን ወደ ቡናው እንሂድ። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉት ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡ አመለከተ። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ። ስታርባክስ ደግሞ አስቀድሞ "ሲዳሞ" የሚል ቃል ያለበት የራሱን ምልክት ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር። "የንግድ ምልክት ምን ያደርግላችኋል? የመልክዓ ምድር መለያ ይሻላችኋል" የሚል ምክርም ጎረፈ። የእኛ ሰዎች እምቢ አሉ። ምክንያታቸው ከመጽሐፍ የተገለበጠ አልነበረም። ቡናችን የሚለቀመው በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ትንንሽ ማሳዎች ነው፤ እያንዳንዱን ጆንያ ከየት እንደመጣ ተከታትሎ ለማረጋገጥ የሚጠይቀው ወጪ ገበሬውን ይበላዋል። የንግድ ምልክት ከሆነ ግን የስሙ ባለቤት አገሪቱ ትሆናለች፤ ፈቃድ የምትሰጠውም እሷ ናት። በመጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2007፣ ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተደረሰ። ይህ ክርክር በሌሎች አገሮች የአእምሯዊ ንብረት ትምህርት ውስጥ ይጠቀሳል። እኛ ዘንድ ግን ስንቱ ተማሪ ነው መዝገቡን ገልጦ ያየው?

ሌላም አለ። የዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት በአንቀጽ 22 ለማንኛውም ዕቃ የትውልድ ስም ጥበቃ ይሰጣል፤ ነገር ግን ሸማቹ ሲታለል ወይም ፍትሐዊ ያልሆነ ውድድር ሲኖር ነው። አንቀጽ 23 ደግሞ ለወይንና ለአልኮል መጠጥ ብቻ ከዚያ የጠበቀ አጥር ያጥራል። ጠርሙሱ ላይ እውነተኛ አገሩ ቢጻፍም፣ "የእንትን ዓይነት" ቢባልም፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይፈቀድም። በአጭሩ፣ የፈረንሳይ ወይን ስም ከይርጋ ጨፌ ቡና ስም ይልቅ ከፍ ባለ አጥር ተጠብቋል! ለምን? ስምምነቱ ሲጻፍ ወይን የሚያመርቱት አገሮች ጠረጴዛው ላይ ጠንክረው ስለነበሩ ነዋ! ይህን ሁለት አንቀጽ ከቡና ጋር አገናኝቶ ያስተማረ መምህር የአንድ ሴሚስተር ሥራ በአንድ ጠዋት ሠራ ማለት ነው።

ጤፉስ? እ.ኤ.አ. በ2005 የአገራችን ተቋማት ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ስለ ጤፍ ተዋዋሉ። ኩባንያው በጎን የጤፍ ዱቄትን የሚመለከት ፓተንት በአውሮፓ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2009 ኩባንያው ከሠረ፤ ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ እጅ ዞረ። ከውሉ ለአገር የደረሰው ጥቅም ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱን በሆላንድ ውድቅ ሲያደርገው እዚህ ደስታ ሆነ። የሚያሳፍረው ነገር ግን፣ በዚያ ችሎት የተሟገቱት ሁለት የውጭ ኩባንያዎች ነበሩ። ስለ ጤፍ ሲፈረድ እኛ ተመልካች ነበርን። "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" የሚለው ተረት እንዲህ በቀጥታ ይደርሳል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

እኔ ይህን ትምህርት የምወድበት የግል ምክንያትም አለኝ። የቬና የስምምነቶች ሕግ ኮንቬንሽን በአንቀጽ 31 ውል የሚተረጎመው በቃሉ የተለመደ ትርጉም፣ በአገባቡና በዓላማው ነው ይላል። የዓለም ንግድ ድርጅት ዳኞች መዝገበ ቃላት እየገለጡ አንዲትን ቃል ገጽ ሙሉ ሲመረምሯት ብታዩ ቅኔ ቤት የገባችሁ ይመስላችኋል። እ.ኤ.አ. በ1996 ጃፓን የተረታችው "ተመሳሳይ ምርት" በምትል ሐረግ ነው። ሾቹ የተባለውን የአገሯን መጠጥ በዝቅተኛ ግብር፣ ከውጭ የሚገባውን ቮድካ በከፍተኛ ግብር ታስከፍል ነበር። "ሁለቱ ተመሳሳይ ናቸው፤ ማበላለጥ አይቻልም" ተባለች። ኮሪያ በሶጁ፣ ቺሊ በፒስኮ ተከተሏት። እንግዲህ ተማሪውን ጠይቁት፦ ዳግም አረቄ እና ቮድካ ተመሳሳይ ምርት ናቸው? መልሱ የኤክሳይስ ታክስ ጉዳይ ነው፤ አረቄ እያወጣች ልጆቿን የምታስተምር እናት ጉዳይ ነው። ሾቹን የማያውቅ ተማሪ ስለ ሾቹ ከሚሸመድድ፣ አረቄን ይዞ ቢከራከር ሾቹም ይገባዋል።

"ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ዓለም በጉልበት እንጂ በሕግ አትተዳደርም" የሚሉኝ አሉ። ማስረጃቸው ቀላል አይደለም። አሜሪካ አዲስ ዳኞች እንዳይሾሙ ስለከለከለች፣ የድርጅቱ የይግባኝ አካል እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2019 ላይ ጉዳይ ለማየት የሚያስፈልጉትን ሦስት ዳኞች አጥቶ ሥራው ቆመ። ሕዝቧ መቶ ሺህ ያህል ብቻ የሆነው አንቲጓና ባርቡዳ በኢንተርኔት ቁማር ጉዳይ አሜሪካን ከስሳ ብትረታም፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በዓመት እስከ 21 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ አጸፋ ቢፈቀድላትም፣ አሜሪካ እንደተፈረደባት አላደረገችም።

እውነት ነው። ግን አንቲጓ ቢያንስ በእጇ ፍርድ አላት። እኛስ? አጎዋን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው አጎዋ ውል አይደለም፤ የአሜሪካ ኮንግረስ ያወጣው፣ ሰጪው ሲፈልግ የሚሰጠው፣ ሲፈልግ የሚነሳው ሕግ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ከዝርዝሩ ስትወጣ በሐዋሳና በሌሎች የኢንዱስትሪ ፓርኮች ጨርቅ ይሰፉ የነበሩ ወጣት ሴቶች እንጀራ አደጋ ላይ ወደቀ። በዓለም ንግድ ድርጅት ችሎት አቤት እንዳንል አባል አይደለንም፤ ውል ፈረሰ እንዳንል ውል አልነበረንም። በውል የተገኘ በርና በችሮታ የተከፈተ በር ልዩነቱ ይኸው ነው። ጉልበት የሌለው ሰው ሕግ ካላወቀ ምን ቀረው? ጉልበተኛማ ሳያነብም ይኖራል።

ነገሩ የነገ አይደለም። ኢትዮጵያ የአባልነት ጥያቄዋን ያቀረበችው በ1995 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የተወለደ ልጅ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ነው። ጉዳዩን የሚመረምረው የሥራ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2008 ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2025 ደግሞ ለአምስተኛ ጊዜ ተሰብስቧል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። ይህ ሁሉ ሲሆን ነጋዴው ከወሬ ይሰማል፤ ገበሬው ከወሬም አይሰማም። የሚያስረዳቸው ሰው ማፍራት የነበረበት ትምህርት ቤት የሌላውን አገር ክርክር ያስቆጥራል።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የይርጋ ጨፌ፣ የጤፍና የአጎዋ መዝገቦች ለእያንዳንዱ ተማሪ ይዳረሱ። ምስለ ችሎቱ አንዳንዴ እንኳ በአማርኛ ይካሄድ፤ ፈተናው ውስጥ "ይህን አንቀጽ ለአንድ ቡና ላኪ በአማርኛ አስረዳ" የሚል አንድ ጥያቄ ይግባ። ኦሮምኛ የሚችለው በኦሮምኛ፣ ሲዳምኛ የሚችለው በሲዳምኛ፣ ጌዴኦኛ የሚችለው በጌዴኦኛ ያስረዳ፤ ቡናው የሚበቅለው እዚያ ነውና። እንግሊዝኛው አይቅር፤ ጄኔቫ ያለ እሱ አይኬድም። ግን ጄኔቫ ሄዶ የሚናገረው ነገር ያለው ሰው፣ አስቀድሞ አገሩ ላይ ሲነጋገርበት የቆየ ሰው ነው።

የሕግ ትምህርት ቤት ኃላፊዎች ሆይ፣ በመጪው መስከረም የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በይርጋ ጨፌ ይጀመር። ሙዙ በጥቅምት ይደርሳል።