ልጅ ለምን የመምህሩን ፊት ያነባል?



ከወላጆች አንደበት ደጋግሜ የምሰማው አንድ ጥያቄ አለ። «ልጄን ከትምህርት ቤት አስወጥቼ ቤት ባስተምረውስ?» የሚል ነው። ምክንያቱ ለሁሉም አንድ አይደለም። አንዱን የወር ክፍያው ያስጨንቀዋል፣ ሌላውን የልጁ ጠባይ፤ አንዳንዱ ደግሞ ልጁ አራት ዓመት ተምሮ አንዲት አንቀጽ አስተካክሎ አለማንበቡ ያንገበግበዋል። አሜሪካ ካሉ ዘመዶቻችንም «እዚህ ሕጉ ይፈቅዳል» የሚል ወሬ ይመጣል። ወሬው እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በ50ዎቹም የአሜሪካ ግዛቶች ልጅን ቤት ማስተማር ሕጋዊ ነው። ስለዚህ ሐሳቡን በጭፍን ከመቅዳትም ሆነ በጭፍን ከመንቀፍ በፊት፣ እዚያ ካስፋፉት ሰዎች አንዱ ከየት ተነስተው የት እንደ ደረሱ ማወቅ ይበጀናል።

ጆን ሆልት እ.ኤ.አ. በ1923 በኒውዮርክ ተወለዱ። በየል ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ምሕንድስና ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ሰርጓጅ መርከብ ላይ አገልግለዋል። የመምህርነት ሥልጠና የሚባል አልወሰዱም። በ1953 በኮሎራዶ ተራሮች መካከል በተከፈተ አንድ አዲስ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ወደ ማሳቹሴትስ ሄደው ቢል ኸል ከተባሉ መምህር ጋር አምስተኛ ክፍልን በጋራ ያዙ። አንዱ ሲያስተምር ሌላው ጥግ ይዞ ልጆቹን ብቻ ይመለከታል።

ነገሩን ሁሉ የለወጠው ይህ ቀላል የሚመስል አሠራር ነው። የሚያስተምር መምህር ዓይኑ ያለው በጠራው ልጅ ላይ ነው፤ የቀሩት በዚያች ደቂቃ የሚያደርጉትን አያይም። ሆልት ግን የቀሩትን አዩ። ያዩትንም በማስታወሻ ያዙት። ልጆቹ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ትምህርቱ ሳይሆን ከጥያቄው እንዴት እንደሚያመልጡ ነበር የሚያስቡት። አንዷ የመልሱን መጀመሪያ ጣል አድርጋ የመምህሩን ፊት ታያለች፤ ፊቱ ከጨለመ ቃሏን ታጥፋለች። ሌላው ያላወቀውን መልስ አፉ ውስጥ ያጉረመርመዋል፤ መምህሩም ትክክለኛውን የሰማ መስሎት ራሱ ጮክ ብሎ ይጨርስለታል። እጅ ማውጣት እንኳ ዘዴ አለው፤ የክፍሉ ግማሽ ካወጣ በኋላ አብሮ ያወጣ ልጅ የመጠራት ዕድሉ ትንሽ ነው።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የገረመኝ የቁጥር ጨዋታው ነው። መምህሩ ከ1 እስከ 10,000 ካሉት ቁጥሮች አንዱን በልቡ ይይዛል፤ ልጆቹ «አዎ» ወይም «አይደለም» በሚያስብል ጥያቄ ይፈልጉታል። «ከ5,000 በላይ ነው?» ብለው «አይደለም» ቢባሉ ግማሹ ቁጥር ወደቀ ማለት ነው። «አዎ» ቢባሉም እንደዚያው ግማሹ ይወድቃል። ሁለቱ መልሶች የሚሰጡት እውቀት እኩል ነው። ልጆቹ ግን «አዎ» ሲባሉ በደስታ ይጮኻሉ፣ «አይደለም» ሲባሉ ያዝናሉ። ይባስ ብሎ ይበልጥ የሚፈሩት ልጆች፣ «አዎ» የምትለዋን ቃል ለመስማት ብቻ፣ ቀድሞ የተመለሰውን ጥያቄ መልሰው ይጠይቃሉ። ልብ በሉ፤ እነዚህ በድሃ ትምህርት ቤት የተጨናነቁ ልጆች አይደሉም፣ በውድ የግል ትምህርት ቤት የሚማሩ ጎበዝ የሚባሉ ናቸው። ሆልት የደረሱበት ነገር ልጆቹ ደነዝ አለመሆናቸው ነው። ፈርተዋል።

እኔ በሁለቱም በኩል ተምሬአለሁ፣ በቁርአን ቤትም በመደበኛውም ትምህርት ቤት። በቁርአን ቤት ማጉረምረም አያዋጣም። እያንዳንዱ ልጅ ሉሑን ይዞ ኡስታዙ ፊት ብቻውን ይቀራል፤ የትናንቱ ካልጸና የዛሬው አይሰጠውም፤ የሰባት ዓመቷ ልጅ የአሥር ዓመቱን ቀድማ ብታልፍ የሚደነቅ የለም። ተማሪ ተኮር የሚባለው ትምህርት ግማሹ እዚህ አለ። ሌላውን ግማሽ ግን አለንጋው ይወስደዋል። ዓይኑን ከኡስታዙ እጅ ሳይነቅል የሚቀራ ልጅ፣ ሆልት ካዩት ልጅ የሚለየው ፊት በማንበብ ፈንታ እጅ ማንበቡ ነው። በመደበኛው ትምህርት ቤትም «ተማሪ ተኮር» የሚለው ቃል ለመምህራን እንግዳ አይደለም፤ ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል ግን ብዙ ጊዜ ወንበር አዙሮ በቡድን ማስቀመጥና ጎበዙ ለሁሉም እንዲጽፍ መተው ሆኖ ይቀራል።

የሆልት ማስታወሻ በ1964 መጽሐፍ ሆኖ ታተመ፤ ከሚሊዮን በላይ ቅጂም ተሸጠ። ትምህርት ቤቶች ይሻሻላሉ በሚል ተስፋ ዓመታት ሲጽፉና ንግግር ሲያደርጉ ቆዩ። ለውጡን የሚፈልገው ሰው ጥቂት መሆኑን ሲረዱ ግን ፊታቸውን ወደ ወላጆች አዞሩ። በ1977 «ያለ ትምህርት ቤት ማደግ» የሚል ትንሽ መጽሔት ጀመሩ። ያን ጊዜ ልጁን ቤት ያስቀረ ወላጅ ፍርድ ቤት ሊቆም ይችል ነበርና፣ መጽሔቱ ወላጆች ልምዳቸውን የሚለዋወጡበት መድረክ ሆነ። ሆልት በ1985 ቢሞቱም እስከ 2001 ድረስ ታትሟል። እሳቸው ቤት ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅላችሁ ደወል ደውሉ አላሉም። ትምህርት ቤቱን ወደ ቤት ማምጣት ፍርሃቱንም አብሮ ማምጣት ነው ባይ ነበሩ። ልጁ አዋቂዎች ከሚሠሩት እውነተኛ ሥራ አጠገብ ይዋል፣ ሲጠይቅ ይመለስለት፣ ያልጠየቀውን አትጫኑበት ነበር ምክራቸው።

እዚህ ላይ እኔ ከሆልት ጋር በሁሉም አልስማማም። የራሳቸው ልጅ አልነበራቸውም፤ ቀኑን ሙሉ ከልጅ ጋር የሚውለው ሰው ማን እንደሆነ ያሰቡበት አይመስለኝም። ከንጋት እስከ ማታ ገበያ የምትውል እናት ይህን ከየት ታምጣው? በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶቻችን ሲዘጉ የሆነውን እናስታውስ። አባትና እናት የተማሩበት ቤት ልጅ መጽሐፍ አልራቀውም፤ በሌላው ቤት ግን ሴት ልጅ እንጀራ ጋገራና ውኃ ቀዳ ላይ ቀረች፣ ወንዱ ሊስትሮ ሳጥን ያዘ። ስለዚህ ለጠየቁኝ ወላጆች «አስወጡት» አልልም። ልጁ ጠዋት ትምህርት ቤት ይሂድ፤ ማታ ቤት ሲገባ ግን ሁለተኛ ፈታኝ አይጠብቀው።

ለዚህ ደግሞ ገንዘብ አያስፈልግም። ከእራት በኋላ የቁጥሩን ጨዋታ ከልጆቻችሁ ጋር ተጫወቱ፤ በየጥያቄው ግማሹን የሚጥል ልጅ በ14 ጥያቄ ውስጥ የትኛውንም ቁጥር ያገኘዋል። በመጀመሪያው ምሽት ግን ስንት ጥያቄ እንደ ፈጀ አትቁጠሩ። «አይደለም» ስትሉት ፊቱን እዩ።